ዳውላው ምን አጠፋ?

የወዳጄ ኮሮላ በሁለት ወር ውስጥ በሁለት ጋራዥ ሁለት የስሮትል ሴንሰር ተቀየረላት። ሕመሟ ግን እንዳለ ነው። ሚኒሞዋ ይዋዥቃል፣ መብራት ላይ ቆማ ማንም ሳይረግጣት ታጓራለች፣ ዳገት ላይ ስትፈለግ ትለግማለች። ሦስተኛውን ሴንሰር ሊገዛ ወደ ሶማሌ ተራ ሲነሳ ነው የጠየቅኩት፦ ለመሆኑ የመጀመሪያው ተበላሽቷል ያለህ ማነው?

«ኮምፒውተር ነዋ!» አለኝ።

የቱ ኮምፒውተር? መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ስትሠራ ባለ 1300 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር ነበረች። ዛሬ ኮፈኗ ሥር ያለው ባለ ኢንጀክሽኑ 1600፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ነው፤ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነገመዱ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ። የዚያ ዘመን ቶዮታ ጥፋቱን የሚናገረው በብልጭታ ነው። ሞተሩ አጠገብ ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተህ፣ ቁልፍ ከፍተህ፣ የቼክ ኢንጂኑን መብራት ትቆጥራለህ። አራት ጊዜ ብልጭ ብሎ አረፍ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ካለ 41 ነው፤ የስሮትል ሴንሰር መሥመር። ታዲያ ሳጥኗ ሞተሩ ሲቀየር ተቆርጣ ከቀረች፣ ዳሽቦርዱም የካርቡሬተር ዘመን ሆኖ ያ መብራት ከሌለው፣ መካኒኩ ምን አንብቦ ፈረደ? ለአዲሶቹ መኪኖች የተሠራው ባለ 16 እግር ስካነርስ ከዚህ ሽማግሌ ሞተር ጋር በየትኛው ቋንቋ ተግባባ?

ይሁን፣ 41 ወጣ እንበል። 41 «ሴንሰሩ ሞቷል» ማለት ነው ወይስ «ከዚህ መሥመር የሚመጣው ቮልት አላማረኝም»? ሴንሰሩ እኮ ተራ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክለታል፣ እሱ ደግሞ የአየር መግቢያው ክዳን በተከፈተ ቁጥር ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ይመልሳል፤ ሲዘጋ ግማሽ ቮልት ገደማ፣ እስከ ጥግ ሲረገጥ አራት ቮልት አካባቢ። ከገመዶቹ አንዱ ቢበጠስ፣ ቢላላ፣ ቢሸረፍ ንባቡ ይሳሳታል። 5ቱ ቮልት መድረሱን ማን ለካ? ክዳኑን ቀስ እያለ ከፍቶ ቮልቱ ሳይዘል መውጣቱን ማን አየ? እግራችን አዘውትሮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የውስጡ መንገድ ሊበላ ይችላል፣ አይካድም። ግን ያንን ለማወቅ ባለ ቀስቱ አሮጌ መልቲሜትር ከአዲሱ ባለ ቁጥር ይሻላል፤ ቁጥሩ እስኪለወጥ ጉድጓዱ ያልፋል።

የተገዛውስ ሴንሰር ምን ዓይነት ነበር? «ብሎኑ ልክ ገጠመ» የሚለው መልስ አይበቃም። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፤ መዘጋቱንና ሰፋ ብሎ መከፈቱን እንጂ መሐሉን አያውቅም። ሌላው መሐሉንም ይናገራል። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው የትኛውን እንደሆነ ጠይቆ የገዛ ሰው አለ?

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። ወዳጄ ሲያወራኝ በመሐል «የራዲያተሩ ቬንትሌተር ሲነሳ ነው የሚብስባት» አለ። ይህንን ለሁለቱም ጋራዥ ነግሯቸዋል! ቬንትሌተርና የስሮትል ሴንሰር ምን ያገናኛቸዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። የሚያገናኛቸው ማሳው፣ ማለትም ወደ ኔጋቲቭ የሚመለሰው ገመድ ነው። የሴንሰሩ ማሳ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ዘንድ መግባት ሲገባው፣ ሞተሩን የቀየረው ሰው ገመድ አጥሮት ኖሯል መሰለኝ፣ ከፋናሌው ኋላ ካለ የዛገ ብሎን ላይ ከቬንትሌተሩ ማሳ ጋር አንድ ላይ አስሮታል። ቬንትሌተሩ ሲነሳ ያ ሁሉ ኃይል በዛገው ብሎን ለመውጣት ይታገላል፣ ብሎኑ ላይ ሩብ ቮልት ገደማ ይቀራል፣ ሴንሰሩም ያንኑ ተሸክሞ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? እግር አረፈ ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። የመልቲሜትሩን አንድ እግር ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሴንሰሩ ማሳ ላይ አድርጎ ቬንትሌተሩን ማስነሳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አምስት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ እንዲያውም አህያዋን ዞር ብሎ ያያት የለም።

መካኒኮቹን ብቻ መውቀስ ግን ይከብደኛል። አንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን ገመድ ሲከተል ውሎ፣ አንዲት ብሎን ፍቆ አጥብቆ ሒሳብ ቢጠይቀን፣ «ምን ቀየርክና?» የማይል ስንቶቻችን ነን? ዕቃ በእጃችን ካልያዝን ሥራ የተሠራ አይመስለንም። ለመለካት የማንከፍል ከሆነ ማን ይለካል? ደግሞስ ሞተር የቀየረ ሰው የቱን ገመድ ከየቱ እንደቀጠለ በአንዲት ወረቀት ጽፎ እንዲሰጠን የጠየቅንበት ጊዜ አለ? ሁሉም በአንድ ቀለም ፕላስተር ተጠቅልሎ ተረከብን፣ አመስግነን ወጣን።

ብሎኑ ተፍቆ፣ የሴንሰሩ ማሳ ለብቻው ወደ ኮምፒውተሩ ከተመለሰ ወዲህ ኮሮላዋ መብራት ላይ ዝም ብላ ትቆማለች። በመጀመሪያው ቀን የተነቀለው ሴንሰር ሲለካ ደህና ነበር፤ አሁን እሱና አንዱ ትርፍ ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ተጋድመዋል። ወዳጄ ትርፉን ሊመልስ ወደ ሱቁ ሄዶ ነበር። ባለሱቁ ምንም አልተናገረም፤ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት በአገጩ አመለከተው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»