ቢጫ ካርድ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። እኔ ግን ከምሠራበት መስኮት ሆኜ እንደማየው፣ ስም ከመቃብር በላይ ከመዋሉ አስቀድሞ ከኮምፒውተር በላይ መዋል ይኖርበታል።

የዕለት እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው፤ ከውጭ አገር የተላከ ገንዘብ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ሁለቱ ምን አገናኛቸው የሚሉኝ አሉ። ይገናኛሉ፤ በሁለቱም አንድ ፊደል ከቦታው ከተናጋ ነገር ሁሉ ይበላሻል።

አንድ ቀን አንዲት እናት ልጃቸው ከባሕር ማዶ የላከላቸውን ገንዘብ ሊወስዱ መጡ። ስማቸው ፀሐይ ነው። በመታወቂያቸው ላይ በላቲን ፊደል የሰፈረው በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ሲጀምር፣ ልጃቸው ግን በ«ቲ» እና በ«ዜድ» ጽፎ ልኳል። በዚያ ላይ የአባታቸውን ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ከፊት አስቀድሞታል። ማሽኑ «ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም» አለ። እኔም የማሽኑን ቃል ተቀብዬ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ስምዎን አስተካክሎ ይላክልዎ» ስል መለስኋቸው። «ስሜን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ከየት አምጥቶ ያስተካክለዋል?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ያን ማታ አንድም ስንኝ አልወጣኝም።

ነገሩ ተመልሶ የመጣብኝ ባለፈው ክረምት ነው፤ የእህቴ ልጅ አያቱ ዘንድ ሊከርም መጥቶ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የአገራችን ሰው በብዛት በሚኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን በባዶ እግሩ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ሰው ይጠነቀቃል። በሻንጣው የጌም ማሽኑን ይዞ መጥቷል።

በመጀመሪያው ማታ መብራት ጠፋ። በሁለተኛው ማታ መብራቱ ቢኖርም፣ ማሽኑ «መታደስ አለብኝ» ብሎ ለወር ያሰብሁትን የኢንተርኔት ጥቅል በአንድ ሌሊት ሲበላ አደረ። በሦስተኛው ማታ ተራችን ደረሰና «አገር ምረጡ» አለን። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ብንመላለስበት ኢትዮጵያ የለችም። «አጎቴ፣ የት ነን ልበለው?» አለኝ። በመጨረሻ ደቡብ አፍሪካን መረጥን። የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርገው፣ ነፍሳቸውን አስይዘው የሚጓዙበትን አገር እኛ ሳሎናችን ተቀምጠን በአንድ ጣት ገባንበት።

ቀጥሎ ስም መጣ። ልጁ ስሙን በራሳችን ፊደል መጻፍ ፈለገ። ማሽኑ የአማርኛ ኪቦርድ ስለሌለው ከስልኬ ቀድተን ለጠፍነው። መልሱ «ያልተፈቀደ ምልክት» የሚል ነበር። የግዕዝ ፊደል እኮ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው የዩኒኮድ ዕትም ውስጥ ገብቷል! ኮምፒውተር ሊያውቀው ከጀመረ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ ችግሩ ከፊደሉ አይደለም፤ ሠሪዎቹ በር ሲሠሩ በዚያ በር የምንገባ ሰዎች መኖራችንን አላሰቡትም።

በዚያው ሰሞን እህቴ በስልክ ከእናታችን ጋር ስታወራ፣ «ለልጁም ቢጫ ካርድ ላወጣለት ነው» አለች። ልጁ ኳሱን በስክሪኑ ላይ እየገፋ ቀና አለና፣ «ለምን? ምን አጠፋሁ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መታወቂያ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» ሲለው የኖረው ይህንን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። የሕጉን ምክንያት ለሕግ ዐዋቂዎች እተዋለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ የልጁ ጥያቄ ነው። በእግር ኳስ ሕግ ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ከሜዳ አልወጣም፤ ነገር ግን በዐይነ ቁራኛ ይጠበቃል። እኛስ በውጭ ተወልደው ያደጉትን ልጆች የምንይዛቸው እንዲሁ አይደለምን? አማርኛቸው ሲሰናከል እንስቃለን፤ ጉርሻ ሲከብዳቸው እንተዛዘባለን፤ «ማንነታቸውን ጥለዋል» ብለን እንፈርዳለን።

ፈራጁ ማን ነው? እዚህ ላይ ራሴን አጋልጣለሁ። ስልኬ ውስጥ የበርካታ ዓመታት የግጥም ንድፍ አለ፤ አብዛኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። በታክሲ ውስጥ ስንኝ ሲመጣልኝ የአማርኛውን ኪቦርድ መቀየር ታከተኝና የቀረበኝን ነካሁ። አሁን ተመልሼ ሳነበው ራሴ የጻፍሁትን ራሴ አልለየውም፤ «ጠራ» ይሁን «ተራ» አላውቅም። በአንድ ቦታ ስለ ንጋት የጻፍሁት ስንኝ አለ። በፊደላችን ቢሆን «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ደግሞ የሌባ ግብር ነው። በላቲኑ ሁለቱም አንድ ናቸውና፣ የወጣችው ፀሐይ ሌባ ሆና አገኘኋት። ወዲያው በመስኮቴ የመለስኋቸው እናት ትዝ አሉኝ። ለካ ያን ቀንም ፀሐይን እንደ ሌባ ቆጥሬ መልሻት ኖሯል።

ውድ አንባቢ፣ ልል የፈለግሁት ይህንን ነው፦ ማንነት የሚጠፋው ድንበር በመሻገር ብቻ አይመስለኝም። ከቤቱ ሳይወጣ የተሰደደ ሰው አለ፤ አንደኛው እኔ ነኝ። የአገር ሰው መሆንም ከዝርዝር ውስጥ የሚመረጥ ስም አይደለም፤ በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው።

ምስክር ካስፈለገ ታሪክ አለን። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙና ለሙዚቃ ባንድ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለው ታወቁ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥናው ዕለት የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ሰው ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። እስከ ዘውዱ መውደቅ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ፣ አያቶቻችን ደረታቸውን ነፍተው ስለ አገራቸው የዘመሩት ስደተኛ በሰጣቸው ዜማ ነበር። ያን ጊዜ «አገርህን ምረጥ» የሚል ማሽን ቢኖር ኖሮ ኬቮርክ የትኛውን ይነካ ነበር?

ይህ ነገር ወደ እኛም ይዞራል። ዛሬ ከኤርትራ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ ተሰደው በከተማችን የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ኳስ ይጫወታሉ፣ በአማርኛ ይሳደባሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ። ለእህቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የምመኝለትን ፊት፣ እኔም መስኮቴ ዘንድ ለሚመጣው ለእነዚያ ልጆች አባት ላሳየው ይገባል።

ልጁ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ነገር አሳየኝ። ጌሙ ስም በፊደላችን አላስጽፍ ቢለውም፣ የቡድን ዓርማ በነጥብ በነጥብ መሣል ይፈቅዳል። ሁለት ማታ ተቀምጦ የስሙን መነሻ፣ «ኃ»ን ሥሎ በማልያው ደረት ላይ ለጥፏታል። አንደኛው እግሯ ትንሽ አጥሯል። «ልክ ነው?» አለኝ። ላርመው አልደፈርሁም። ይልቁንም ስልኬን አውጥቼ ኪቦርዱን ቀየርሁና፣ በዚያችው ሌሊት የድሮ ስንኞቼን አንድ በአንድ ወደ ፊደላቸው መመለስ ጀመርሁ። ሥራው ገና አላለቀም። እስካሁን ከተመለሱት ይልቅ ለልጁ አዲስ የጻፍሁለትን ላካፍላችሁ፦

ድንበር ያልነጠቀኝ፣ ባሕር ያልወሰደው፣
የአባቴን ፊደል ስንፍናዬ ናደው።
አንተ ከሩቅ አገር ልትማር ስትመጣ፣
ማነው ቤቱ ያለ፣ ማነው አገር ያጣ?

ቸር ይግጠመን።