ገንዘቡ ከሕፃኑ ቀድሞ ይድረስ

በአሜሪካዋ የሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት፣ የመኪና ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ ነዋሪዋ የተመናመነባት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠጥ ውኃዋ ምንጭ ወደ ፍሊንት ወንዝ ከተቀየረ በኋላም ሕፃናቷ ለእርሳስ ብክለት የተጋለጡባት ከተማ ናት። በዚህችው ከተማ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ «አር ኤክስ ኪድስ» የተባለው መርሐ ግብር ለነፍሰ ጡር እናት በእርግዝናዋ አጋማሽ 1,500 ዶላር፣ ከወለደች በኋላም ለአንድ ዓመት በየወሩ 500 ዶላር በቀጥታ ይሰጣል። መርሐ ግብሩን የሚመሩት፣ በሕፃናቱ ደም ውስጥ የእርሳስ መጠን መጨመሩን በማስረጃ ያጋለጡት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሞና ሐና ናቸው።

የድጋፉ ዋና ብልሃት ጊዜውን ጠብቆ መድረሱ ነው። እናት በእርግዝናዋ መጨረሻና በአራስነቷ ወራት ከሥራ ስለምትርቅ ገቢዋ ይቀንሳል፤ የወተቱ፣ የዳይፐሩና የሕክምናው ወጪ ግን በዚያው ወቅት ይከመርባታል፤ አሜሪካም ሁሉንም ሠራተኛ የሚያቅፍ፣ ክፍያ ያለው የፌዴራል የወሊድ ፈቃድ የላትም።

ሁለተኛው ብልሃት የገቢ ማጣሪያን፣ ማለትም አመልካች ድሃ መሆኑን በሰነድ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድደውን አሠራር፣ ማስቀረቱ ነው። ማጣሪያ የሕዝብን ገንዘብ ከብክነት ለመጠበቅ ቢታሰብም፣ ማስረጃ ማሟላት ያቃታት፣ ደመወዟ ከወር ወር የሚለዋወጥባት ወይም ችግሯን መግለጥ የምታፍር እናት ከመዝገብ ውጪ እንድትቀር ያደርጋል። ችግር በተስፋፋበት ከተማ ጥቂት ባለጸጎችን ለመለየት ሲባል ብዙ ችግረኞችን ማጉደል ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ገንዘብ በእጅ መስጠት ድህነትን እንደሚቀንስ አገሪቱ ራሷ አይታዋለች። የልጆች የታክስ ክሬዲት፣ ይኸውም ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ከግብሩ የሚቀነስለት ወይም በእጁ የሚሰጠው ገንዘብ፣ በ2021 ለጊዜው ከፍ ሲደረግ፣ የመንግሥትን ድጋፍ ጭምር በሚያሰላው መለኪያ የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ፤ ጭማሪው በቀረበት በ2022 ግን ወደ 12.4 በመቶ አሻቀበ።

እርግጥ ነው፣ ገንዘብ ሁሉን አይፈታም። ለድሆች እናቶች በየወሩ 333 ዶላር እየሰጠ ልጆቻቸውን የተከታተለ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ልጆቹ አራት ዓመት ሲሞላቸው በእድገታቸው ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ይሁን እንጂ አራስ እናት እንዳትራብና የቤት ኪራይ አጥታ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ ማድረግ፣ ሕፃኑ ወደፊት በሚያመጣው የፈተና ውጤት የሚመዘን ጉዳይ አይደለም። መርሐ ግብሩ እንደ ካላማዙና ፖንቲያክ ወዳሉ ከተሞች ቢስፋፋም፣ ወጪው በበጎ አድራጊዎች ልግስናና በየጊዜው በሚጸድቅ በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለአረጋውያን ጡረታን በሕግ ያጸናች አገር፣ ለጨቅላ ሕፃናቷም ይህንኑ ዋስትና በሕግ ልታጸና ይገባል።