አንዱን «ኦ» ማን በላው?

«ኧረ ተውን! አናባቢ ደርቦ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው» የሚሉ ወንድሞች በየመኝታ ክፍሉ በዝተዋል። ዝም ሲባሉ የረቱ እየመሰላቸው ነውና ይስሙን።

አምቦ በኦሮምኛ ቁቤ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሁለት «ኦ» አለው። ከሆለታ በጊንጪ አድርጎ እስከ ጉደር በሚወስደው መንገድ ግን አንዱን የጎረደ ሰሌዳ አይጠፋም፤ ከእንግሊዝኛ ካርታ የተገለበጠ ይመስላል። ለከተማስ ስም ግድ የለም ይባል፤ አምቦን የማያውቅ ማን አለ? ቃል ሲሆንስ? «ቦና» «ቦ»ው ካጠረ በጋ ነው፤ ሳብ ካደረጉት «ይኮራል» ማለት ነው። «ዹጋ» መጨረሻው ካጠረ «ይጠጣል»፣ ከረዘመ «እውነት»። የአምቦን ውሃ መጠጣትና እውነት መናገር አንድ ሆኖልን አረፈው!

«አማርኛስ መቼ መጥበቅና መላላትን ይጽፋል?» ይሉናል። አይጽፍም። «አለ» ብሎ ይጽፍና ተናገረ ይሁን ይኖራል አንባቢው ይወቀው ብሎ ይተወዋል። ታዲያ ይህ ጉድለት ለጎረቤት የሚያወርሱት ሙያ ነው እንዴ?

ሌሎቹ ደግሞ ጋናን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ የአካን ቋንቋ ዘጠኝ ያህል አናባቢ ይዞ በሰባት የአናባቢ ፊደል ይጻፋል። ግን ለምን ተቻለው? በአንድ ቃል ውስጥ ያሉት አናባቢዎች በአብዛኛው የአንድ ወገን ናቸው፤ የምላስ ሥር ወደ ፊት የሚገፋባቸው ለብቻ፣ የማይገፋባቸው ለብቻ። አንባቢው ጎረቤቱን አይቶ የተድበሰበሰውን ይደርስበታል። የኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች ግን እያንዳንዳቸው አጭርም ረጅምም አላቸው፤ የ«ቦና»ን «ኦ» ርዝመት ከጎኑ ያለው «ና» አይነግራችሁም። እንግዲህ ማን ይንገራችሁ?

ጥፋቱን ሁሉ በግዕዝ ፊደል ላይ የሚከምረውንም ወገን አልከተልም። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በዚሁ ፊደል ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ያስነበበው በእሱ ነው። «ዸ»ን የወለደ ፊደል የማርዘሚያ ምልክት መውለድ አያቅተውም። የሆነው ሆኖ በ1984 ዓ.ም. ላቲኑ ተመረጠ፤ የመረጡትም ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የአናባቢ ርዝመት ነው። ያን ሁሉ ክርክር ተከራክረን ያገኘነውን፣ ዛሬ በስልክ መልእክትና በሰሌዳ ላይ በገዛ እጃችን እንቆርጠዋለን!

ሰሌዳ ጻፊው በፊደል ቁጥር ያስከፍላል ይሉኝ ይሆናል። ይክፈሉ! የአንድ «ኦ» ዋጋ ስንት ቢሆን ነው?