ጆሃንስበርግ ለመድረስ የምንረዳዳውን ያህል

ነገሩ ወዲህ ነው። ለመስቀል አገር ቤት ገብተን ነበር። ቅርጫው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ከሁለት ልጆች ጋር ተዋወቅን። አንዱ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ሌላው የዱራሜ። ሁለቱም ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሰው ሥራ ፈላጊ ናቸው። ሁለቱም ደግሞ፣ አትሳቁ፣ የመድኃኒት ቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየሠሩ ነው። አንደኛው የገቢና ወጪውን ክፍል ጨርሶ ሪፖርቱ ላይ ተጣብቋል። ሌላኛው ሪፖርቱን አሳምሮ ሠርቶ፣ ጊዜው ሊያልፍበት የደረሰ መድኃኒት ሲኖር የሚያስጠነቅቀው ነገር እምቢ ብሎታል። በመካከላቸው ያለው በአንጋጫ በኩል የሚያልፍ የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነው። ለስምንት ወር አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም ነበር።

መረዳዳት በማያውቅ አገር ቢሆን ኖሮ አይገርመንም። በእኛ ሰፈር እንሰት ሲፋቅ ሴቶቹ ተጠራርተው ነው። የመስቀሉ በሬ የሚገዛው ወራት አስቀድሞ ተዋጥቶ ነው። ደቡብ አፍሪካ ለመሄድማ ምን ቀረን! አንዱ ጆሃንስበርግ ከደረሰ ወንድሙን ይስባል፣ ወንድሙ የጎረቤቱን ልጅ። ልጁ ከቤት ሳይወጣ ማን ጋ እንደሚያድር፣ በማን ሱቅ እንደሚጀምር ያውቃል። የመንገዱንም ዋጋ እናውቃለን። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። ያን ሰሞን ከሀዲያና ከምባታ ከተሞች ሰው የሸኘ ቤተሰብ ሁሉ ስልኩን እያየ ነው የዋለው።

ለዚያ መንገድ ይህን ያህል ከተጠራራን፣ ለፕሮግራም ሥራ መጠራራት ለምን አቃተን?

አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። «ካሳየሁት ይሰርቀኛል» የሚል። እኛም ነበረብን፣ አንዋሽም። ሌላው የተማርንበት መንገድ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ በጠንካራ ሽፋን ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንኑ የቤተ መጻሕፍት መቆጣጠሪያ ከዜሮ ይጀምራል። የሌላውን ኮድ ማንበብ፣ ስህተቱን ማረም፣ ካቆመበት መቀጠል የሚባል ፈተና አንድም ቀን ገጥሞን አያውቅም። እውነተኛው ሥራ ግን በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነክስን ሲጀምር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ያላለቀ ሥራውን ለማያውቃቸው ሰዎች አሳየ፣ አስተያየትም ጠየቀ። ሰዎቹ ሲበዙ ማን ምን እንደለወጠ መከታተል አስቸጋሪ ሆነ፤ በ2005 ጊትን የሠራው ለዚሁ ነው። ጊትሃብ የምንለውም በዚያ ላይ የተሠራ ነው። ሩቅ ነው የሚል ካለ ቅርቡን እንንገረው። ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎችን ለኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ስብስብ በ2019 ተጀመረ። በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ተባብረው በ2021 በጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም ለይቶ ለማውጣት የሚያገለግል መረጃ በ10 ቋንቋዎች አወጡ። አማርኛ አለበት። ሀዲይሳና ከምባቲሳ ከአስሩ ውስጥ የሉም። ማን ያስገባቸው? አንድ ፕሮግራመር ብቻውን አይችልም፤ ቋንቋውን የሚያስተምር መምህር ይፈልጋል፣ ጽሑፍ የሚሰበስብ ይፈልጋል፣ የሰበሰበውን የሚያርም ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሆሳዕናና ዱራሜ ውስጥ አሉ። አይተዋወቁም እንጂ።

ሥራ የለም የሚለውንም በግማሹ ነው የምንቀበለው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ቢሮው፣ ክሊኒኩ፣ የቁጠባ ማኅበሩ ብዙ ነው። ግን የአንድ መድኃኒት ቤት ባለቤት ምን አሉን መሰላችሁ? «ልጁ ነገ አዲስ አበባ ቢሄድ ይሄን ማን ያስተካክልልኛል?» ትክክል ናቸው። ለብቻው የሚሠራ ልጅ ለዚህ መልስ የለውም። ሦስት ሆነው የመጡ ልጆች ግን አላቸው፤ አንዱ ቢሄድ ኮዱን የሚያውቁ ሁለት ይቀራሉ።

የምንለው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ደብተር። እያንዳንዱ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ የት እንደተጣበቀ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ይጻፍበት። ቀድሞ የወጣ ተመራቂ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ እንደ ጆሃንስበርጉ ሰው አንድ ቁራጭ ሥራ ወደ ኋላ ይላክ። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፤ እናውቃለን። ጊት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ መስመሩ ሲመጣ መላክ ነው። ስርቆት የሚፈራም ከቅርጫ ይማር፦ ማን ስንት እንዳዋጣ በሬው ሳይገዛ ይታወቃል። የእያንዳንዱ ድርሻ ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ይስፈር።

ሁለቱ ልጆች አሁን አብረው ይሠራሉ። መጀመሪያ ተጣልተው ነበር፤ አንዱ በፒኤችፒ ሌላው በፓይተን ነበር የጻፈው። የዱራሜው ተሸንፎ ሪፖርቱን በፒኤችፒ እንደገና እየጻፈ ነው። ገንዘቡን እንዴት እንደሚካፈሉ ግን እስካሁን በወረቀት አላሰፈሩም። በየሳምንቱ እየደወልን እንጨቀጭቃቸዋለን።