የጦር ሜዳ ብረት በሚዛን አይሸጥ

ወጣቶች ሆይ፤ የሩቁን ሌባ መኰነን ቀላል ነው። በደጃችን የቆመውን ግን የምናውቀው ሰው ነው ብለን በሰላምታ እናሳልፈዋለን። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ከቅርቡ ጋር ነው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙ ንብረት ዘርፎ መሄዱ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ የተወሰደ አንድ ጋሻ በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር በኒውካስል ከተማ በሐራጅ ሊሸጥ ሲል የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተቃወመ፤ ጋሻውም ከሐራጁ ወጥቶ ከጊዜ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህን ስንሰማ እሰይ ብለናል፤ ማለታችንም ተገቢ ነው።

ዳሩ ግን እዚህ በገረሴም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ እርሻ ሲያርስ ወይም የቤት መሠረት ሲቈፍር የጥንት ቀለህ ወይም የዛገ የጦር ጫፍ ያገኘ ሰው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ ቢሸጠው፣ ወይም ለጎብኚ በጥቂት ብር ቢሰጠው፣ ብልኅ ነው እንለዋለን። እንግሊዝ ሲሸጠው ዝርፊያ፣ እኛ ስንሸጠው ንግድ የሚሆነው በየትኛው ፍርድ ነው?

«የመቅደላው ጋሻ የታወቀ ቅርስ ነው፤ ይህ የኔ ቀለህ ግን ምን ይናገራል?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ ይህ ነው፤ የጦር ሜዳ ዕቃ የሚናገረው በተገኘበት ቦታ ነው። በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው አገር የአመፀኛ ዋሻ አለ። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በዚያ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተ ሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ አጠቃ፤ እጃቸውን የሰጡትንም ወንዶች ረሸነ። በ1998 ዓ.ም. አንድ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ ዋሻውን ፈልጎ አገኘው፤ ከእርሱም በኋላ የጥንት ዕቃ መርማሪዎች ገብተው አዩት። በውስጡ የሰው አጽም፣ የጥይት ቀለህና የሸክላ ዕቃ ነበረ። ቀለሁና ሸክላው በአንድ ዋሻ መገኘታቸው፣ በዚያ የነበረው ጦረኛ ብቻ እንዳልነበረ፣ እናትና ልጅም እንደነበሩ ይመሰክራል። ብረት ለቃሚ ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምስክርነቱ በከረጢት ተቋጥሮ በሄደ ነበር።

ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልንም አስቡ። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ይህ መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ሆኖም ያን ክብደት ለመጐተት ስንት ክንድ እንደ ዛለ የሚገባው የመቅደላን አቀበት ያየ ሰው ነው።

ለኛ ለጋሞ ልጆች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። በደጋችን የሚገኝ የጥንት ጥይት ሁሉ ከኢጣሊያ ጠመንጃ የወጣ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ይህን አገር አስገብሯል። አንዱ የሚኰራበትን ዘመን ሌላው ያዝንበታል፤ ስለዚያም ዘመን ዛሬ ብዙ እንከራከራለን። እንግዲህ በዱቡሻ ተሰብስቦ ነገር የሚያይ ሕዝብ ልጅ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ምስክሩን በኪሎ ይሸጣልን? ምስክሩ ከሄደ የሚቀረን ወሬ ነው፤ ወሬም በተናጋሪው ቁጣ ልክ ያብጣል።

«ችግር አለብኝ» የሚለውን ወጣት አልንቀውም። ነገር ግን ከቀለህ የሚገኘው ገንዘብ ከአንድ ቀን ምሳ አያልፍም፤ አደጋው ግን ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ስለ ዛገ ብቻ ሞተ ማለት አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን ከተደረገው ጦርነት በተረፈ ፈንጂ ሕፃናት ሞተዋል፤ አካላቸውንም ያጡ አሉ። በድንጋይ ቀጥቅጦ ናሱን ለማውጣት የሚሞክር ልጅ የሚገበያየው በገዛ እጁና በገዛ ዓይኑ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ያገኘኸውን አታንሣ፤ ቦታውን ምልክት አድርግበት፤ ለቀበሌህና ለባህል ጽሕፈት ቤት ንገር፤ ፈንጂ ከመሰለህ ራቅና ለፖሊስ አስታውቅ። ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያው እንዲያስታውቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያዝዛል። ሽማግሌዎች ስለ ቦታው የሚያውቁትንም ጠይቀህ በደብተርህ ጻፍ፤ ይህ ማንም የማይከለክልህ ሥራ ነው።

ለሹማምንቱም አንድ ቃል አለኝ። ወጣቱ ነግሯችሁ ካልመጣችሁ፣ መዝገብ ካልከፈታችሁ፣ «ቆይ እናያለን» ብላችሁ ከሸኛችሁት፣ በማግስቱ ብረቱን ሲሸጥ የሻጩ ተባባሪ እናንተ ናችሁ። አዋጅ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ከተኛ ዝገቱ ከቀለሁ ይብሳል።

ወጣቶች ሆይ፤ ከባሕር ማዶ ያለውን ንብረታችንን መጠየቃችንን እንቀጥል። ግን ጠያቂ አፍ ያለው ሰው ንጹሕ እጅ ሊኖረው ይገባል። የእንግሊዝን ሐራጅ ለመቃወም ወደ ኒውካስል መሄድ አይቻላችሁ ይሆናል፤ የገረሴን ሚዛን ለመቃወም ግን ከቤታችሁ መውጣት ብቻ ይበቃል።