የመጨረሻው መድኃኒት ሲከሽፍ



የዚህ እትም ዐቢይ ርዕስ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ናቸው። ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በቀጥታ እንደገደሉ ይገምታል።

ጉዳዩ ከሆስፒታል ግቢ ወጥቷል። ኮሊስቲን ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ሐኪሞች የሚይዙት መድኃኒት ነው፤ በቻይና ግን ለአሳማ ማደለቢያ ከመኖ ጋር ይቀላቀል ነበር። በ2015 ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ኤምሲአር-1 የተባለ ዘረመል በአሳማዎች፣ ለገበያ በቀረበ ሥጋና በሕሙማን ላይ አገኙ። ዘረመሉ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ድንበር አላገደውም፤ ብዙም ሳይቆይ በሌሎች አህጉራት ተገኘ። ቻይና ማደለቢያነቱን በ2017 ከለከለች። ዘግይቶም ቢሆን የሚመሰገን እርምጃ ነው!

ችግሩ ግን በእንስሳት እርባታ ብቻ አያበቃም፤ ቀጣዮቹ ገጾች ጉንፋን የያዘው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲገዛ ምን እንደሚያበላሽ ያሳያሉ፤ ፋርማሲስቱንም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይጠቁማሉ።