ዘንዶዎቹና ድል ወንበራ

በዚህ እትም የተሰበሰቡት ጽሑፎች የሚያተኩሩት እ.ኤ.አ. በ2022 መታየት በጀመረው «ሐውስ ኦፍ ዘ ድራገን» የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ነው። ሬኒራ አባቷ ቪሴሪስ ያወረሳትን ዙፋን ትጠይቃለች፤ የአባቷ ሚስት አሊሰንት ደግሞ ሬኒራ ከነገሠች ወንዶች ልጆቿ እንዳይገደሉባት ትሰጋለች። ድራማውን የሚገፋው ከዘንዶዎቹ እሳት ይልቅ ይህ የእናት ስጋት ነው።

በአገራችንም ከተረቱ ይልቅ የሰው ታሪክ የሚስብበት ቦታ አለ፤ በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላ ግዙፋን ሰዎች ከተማዋን እንደሠሩ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ቁፋሮ ግን የ12ኛውን ክፍለ ዘመን መስጊድና ከሩቅ አገር የመጡ የመስታወት ዕቃዎችን አሳየ። ከግዙፋኑ ተረት ይልቅ ይህ የንግድ ዓለም ይበልጥ ያስደንቃል።

ሐርላዎች በኋላ ከአዳሉ መሪ ከኢማም አህመድ ጦር ጋር ዘምተዋል። የኢማሙ ባለቤት የባቲ ድል ወንበራ ታሪክ ደግሞ ለየትኛውም ደራሲ የሚበቃ ነው። ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ሲወድቁ ልጃቸው ተማረከ፤ ድል ወንበራም በአፄ ገላውዴዎስ ወንድም በሚናስ አስለወጡት። ቀጥሎም የባላቸውን ደም ይመልሳል ያሉትን ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ። እ.ኤ.አ. በ1559 ገላውዴዎስ ከኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ፍቅር፣ ሐዘንና ሥልጣን በእኚህ ሴት ውሳኔ ውስጥ ተለይተው አይታዩም። አዘጋጁ ይህ ታሪክ ወደ ቴሌቪዥን እንዲመጣ አጥብቆ ይመኛል፤ እስከዚያው አንባቢያን የአሊሰንትን ፍርሃት የሚተነትኑትን ገጾች ሲያነቡ ድል ወንበራን እንዲያስቡ ይጋብዛል።